ልዩ ልዩ

ጅማ፣ የማዘጋጃው አዳራሽ፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ፤
ስልሳ ወንበር፣ አንድ ማይክ፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነኝ።

አጀንዳ አንድ፦ «የአሜሪካ ባርነት፣ ዛሬም ያልደረቀ ቁስል»።
መምህር ከድር ግድግዳው ላይ ያበሩት የመርከብ ምስል፤
በሆዷ ሰው ተደርድሮ፣ እንደ ክብሪት በሳጥኑ፣
እግር ከራስ፣ ጎን ከጎን፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ ሲተፋፈኑ።

ራህመት ተነሳች፤ ድምጿ ተንቀጠቀጠ፦
«የጥጡ ሀብት የማን ላብ ነው? ካሳውስ ለምን አልተሰጠ?»
ጭብጨባ።
ጻፍኩ።
ፋርማሲስቱ ቀጠለ፦ «ስም ቀምተው ስም የሰጡ፣
እንዴት ሆኖ በአንድ ይቅርታ ከታሪክ ያመልጡ?»
ጭብጨባ።
ይህንንም ጻፍኩ፤ ከሥሩም አሰመርኩ።

ከኋላ፣ ከበሩ ጥግ፣ ወንበር ሲደረድር የዋለ፣
አደሎ፣ ጥበቃው፣ እጁን አውጥቶ «አንድ ጥያቄ» አለ።

«ባሕሩ ከዚህ የስንት ቀን መንገድ ነው?»

ሳቅ ሆነ። እሱ አልሳቀም።

«የአያቴ እናት መርከብ አላየችም። ከጎጀብ ማዶ
በእግሯ ነው የመጣች፣ አንገቷ ከወንድሟ አንገት ተገምዶ።
ሂርማታ፣ ሐሙስ ገበያ፣ ጥርሷ ታይቶ፣ ክንዷ ተለክቶ፣
አንዲት በቅሎ ተሰጠባት፣ የጎደለው በአሞሌ ተሞልቶ።
የገዛት ቤት ዛሬም አለ፤ ሰላምታችን አልጎደለ፤
በሠርጋቸው ድንኳን ተካይ፣ በለቅሷቸው ቆፋሪ እኔው ነኝ።
ልጄ ልጃቸውን በሽማግሌ ሲጠይቅ ግን
‹አጥንቱስ?› አሉኝ።
ካሳ አልጠይቅም። እንደው፣
ስብሰባው ስለ እኛም ከሆነ ብዬ ነው።»

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ፦ «እናመሰግናለን። ከአጀንዳው ባንወጣ፤
ለዚህ ለዚህ ሌላ መድረክ፣ ሌላ ቀን ይምጣ።»

አንዱ ሳለ። አንዱ ስልኩን ነካካ።
ሰው ሁሉ ጫማውን ያይ ነበር፤ እኔም የራሴን ለካ።

ቤቱን አውቀዋለሁ።
ከጅሬን ቁልቁል ሲወርዱ፣ ቆርቆሮው አረንጓዴ።
አደሎ ስማችንን አልጠራም፤ አላየኝም እንኳ አንዴ።
ልጅቷ እህቴ ናት።
«አጥንቱስ?» ያልኩት
እኔ ነኝ።

ማታ ደብተሩን ገለጥኩ፤ አሜሪካ አምስት ገጽ ሙሉ፤
ከአምስተኛው ግርጌ፣ በደቃቃ ፊደል፦
«ልዩ ልዩ።
አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ሐሳብ አቀረበ፤
በሌላ ጊዜ እንዲታይ ተባለ።»
ከሥሩ ሁለት መስመር ባዶ አለ።

ሰኞ ይነበባል። «እርማት ያለው?» ይባላል።
መዳፌን ከወዲሁ ያልበኛል።