አትንኩት

ቢቸና፣ መናኸሪያው ፊት፣ ከፈረስ ላይ ሆኖ
ፊታውራሪ አትንኩት አለ፣ በሲሚንቶ ገኖ።

ይፍረስ ባዩ በግራ ወንበር፣ ይቆይ ባዩ በቀኝ፤
እኔን ደግሞ «መሰላል ይዘህ ና» ብሎ ማዘጋጃ ቤቱ ጠራኝ።

ስሙም አላገዘን።
ጸሐፊው «ስለ አትንኩት» ብሎ ቃለ ጉባኤ ሲከፍት፣
መሪጌታ ሣቁ፦ «ውሳኔውማ አልቋል እኮ፣ ገና በአርእስት!»

«ስንት ነፍስ የበላውን ወንዝ» አሉ መምህር ሽባባው፣
«ድልድይ አሠርቶ፣ በድንጋይ ማን ነው የገራው?»
«ድንጋዩንስ ማን ተሸከመ?» አለች ይሻሽ ከኋላ፣
«ጀርባው ተልጦ የቀረ፣ ስሙ ያልተጻፈ ሌላ።»

እኔ ዝም አልኩ።
ቅድመ አያቴ ልጓም ያዥ ነበር፣ ለእውነተኛው ፈረስ፤
ሠላሳ ጅራፍ ቀመሰ አንድ ቀን፣ የኮርቻው ጠፍር ቢበጠስ።
በዚያው ድልድይ ተሻግሮ ግን፣ ከወንዙ ማዶ አገባ፤
እኔስ ከየት እመጣ ነበር? ባልኩ ቁጥር ሆዴ ባባ።

በማግስቱ ለልኬት ወጣሁ፣ ሜትሬን ነክሼ በጥርሴ፤
ከደረቱ እምምም የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ክው አለች ነፍሴ።

ንብ ኖሯል።
በተሰነጠቀው ከንፈሩ መንጋው ይገባል፣ ይወጣል፤
«ግረፉት!» ካለው አፍ ዛሬ፣ ማር አገጩ ላይ ጠብ ይላል።

ከታች ሁለቱም ወገን አንጋጦ
«ስንት ሆነ ቁመቱ?» ይለኛል።
ቁጥሩ ከራሴ ጠፍቷል።
አንዲት ጠብታ ከጣቴ ተነሥታ
በመዳፌ አድርጋ ወደ ክንዴ ትወርዳለች፤

አልላስኳት።
አልጠረግኋትም።