ብርድ ልብስ

ከሌሊቱ ስምንት፣ ውርጭ ሣሩን ሲነክስ፣
በጠባሴ መንገድ ከፈረቃ ስመለስ፣
በመዝገቤ አለ ሦስት መቶ ብርድ ልብስ፤
ለማላውቀው አልጋ፣ ለማላውቀው ራስ።

ስሙም ያስቀኛል፤ ልብሱ የማን ነው?
ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ነው የሚለብሰው።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ በዳበሳ፤
ያብስራ ተኝቷል፣ እግሩን ውጭ እንደረሳ።
ከላዩ ያባቱ የባጃጅ ጃኬት፣
ቤንዚን ቤንዚን የሚል፣ ዚፑ የለቀቀበት።
እሱ ነው ያለበሰው። ሦስት መቶ ያላት እናት
እዚያ ትቆጥራለች።

ሰኞ አቶ ጌጤነህ «እንኳን ደስ ያለሽ» አሉኝ፤
የፈረቃ ኃላፊ፣ ሁለት ሺህ ጭማሪ፣ ወንበርም አሳዩኝ።
የሚያፈሰው ጓዳ በዓይኔ መጣብኝ፣
እናቴም ከመንዝ «ልጄ ሰው ሆነች» ስትል ተሰማኝ።
ከዚያ ያቺ እግር።
ትንሽዬ። ቀዝቃዛ።

«የጠዋት ፈረቃ፣ በድሮው ደሞዜ» አልኳቸው።
ብዕራቸው ቆመ። «ሴትየዋ ምን ነካት?» ተባባሉ በሻይ ሰዓታቸው።

ጓዳው ዛሬም ያፈሳል፤ ባልዲው ሲሞላ እንነቃለን።
ሽፈራው ውሃውን ይደፋል፣ «ሁለት ሺህ» እያለ ያጉረመርማል።
እኔ በዚያው ወደ አልጋው ጠጋ እላለሁ፤
አንዲቷን ብርድ ልብስ እስከ አገጩ እስባለሁ።
በማንም መዝገብ አትገባም።
አንድ፣ ብዬ እቆጥራለሁ።