ቁጥር አራት

የካቲት፣ ታምፔሬ፤ ብርድ እንጨት ይሰነጥቃል፤
ዞጲ ድንጋይ ነው ቢባልም፣ ሙቅ ትንፋሽ ሲገባው ይነቃል፤
በሁለቱም ፍቺ ይነቃል።

ስለዚህ ኦቦዬን ፈታትቼ፣ ከካፖርቴ ሥር ከትቼ፣
ላይኛውን ቁራጭ ከብብቴ እንደ ቴርሞሜትር ሰክቼ፣
ከትራም ወርጄ ተሻገርኩ የድሮ ፋብሪካውን ድልድይ፤
ፏፏቴው ከሥሬ ይጮኻል፣ በረዶ አልያዘም ከላይ።

ሰባት ነን። በሚያዝያ፣ ከወጣቶቹ ኦርኬስትራ ፊት፣
ብቻውን ቆሞ የሚጫወተው አንድ ነው።

በሩ ላይ ወረቀት ተሰጠኝ፦ «አራት» ይላል፤ ስም የለውም።
ዳኞች ከመጋረጃ ወዲያ፣ ማንን እንደሚሰሙ አያውቁም፤
ጫማም ክልክል ነው፤ ተረከዝ ያሳብቃል፤ በካልሲ ገባን ሁላችንም።
ትርሲት ከጫማዋ ጋራ ኮሪደር ቀረች፣ ከወንበር ሥር፤
የገባው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ አሥር ጣትና አንድ ቁጥር።

ለዚህች አሥራ አንድ ደቂቃ
አርባ ስድስት ሸምበቆ ፋቅሁ፣ አውራ ጣቴ እስኪነቃ፤
አንዱ እንደ ዳክዬ ይጮኻል፣ ሌላው ዲዳ ነው ቢለምኑት፤
አርባ አምስቱን ጥዬ፣ አንዷን በእናቴ መድኃኒት ብልቃጥ
ውኃ አጠጥቼ አስተኛኋት።

የኦቦ ነገር ግራ ነው፦ አየር አያንስም፣ ይተርፋል፤
ያረጀውን ካላስወጡት አዲሱ መግቢያ ያጣል።
የመጀመሪያው ክፍል ሮጠ፤ ጣቶቼ ከኔ ቀደሙ፤
በሁለተኛው፣ በዝግታው፣ ረጅሟ ሐረግ ላይ ስደርስ
ደረቴ ባረጀ አየር ሞላ፤ ጆሮዎቼ ጮኹ፣ ታመሙ፤
አንድ ምት ቀድሜ ተነፈስኩ።
አንዲት ምት ናት። ማንም ላይሰማት ይችላል።
ከመጋረጃው ወዲያ ግን አንድ ብዕር ሲጭር ሰማሁ።

አባቴ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ከሆነ ስድስተኛ ፎቅ መጥቶ፣
ዘይት የነካው እጁን ከኪሱ ከትቶ፣
በር ሥር ቆሞ ሰምቶኛል። ኖታ ቢያሳዩት አይገባው፤
የሚበጠስ ገመድ ግን ገና ሳይበጠስ ነው የሚሰማው።
«መሀል ላይ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «አንድ ቦታ ገመዱ ላላ።»
ሌላ ቃል አልወጣውም፤ የቀረፋ ዳቦ ገዛ፤ እኔም በላሁ፣ እሱም በላ።

ማታ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፦ ቁጥር ሁለት። ሲልያ፣ ቫዮሊን።
«አዝናለሁ» አለችኝ፤ አላዘነችም። እኔስ ብሆን አዝን ነበርን?
«እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት።
የግራ ጫማዬን በቀኝ እግሬ ማጥለቄን ያወቅሁት
ትራም ውስጥ ነው።

ሚያዝያ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ሰባ ልጅ አንገቱን አዙሮ ያየኛል፤
ደንቡ ነው፤ ኦርኬስትራ በኦቦ ይቃኛል፤ ሁሉም ከኔ ላ ይጠብቃል።
ላ፤ ከ«ለ» ቤት አራተኛዋ።
ሰጠኋቸው፤ ተቃኙ።
ከዚያ ሲልያ በቀይ ቀሚስ ወጣች። ክሯ ትንሽ ወርዷል፤ ወደኔ ዞረች፤
ቅንድቧን አንስታ ጠበቀች።

ሰይጣን የመጣው ይሄኔ ነው፦
በፀጉር ያህል ባሳንሳትስ? ለሷ ሌላ፣ ለሰባው ሌላ፤
ማን ያውቃል? ከንፈር ማላላት ብቻ ነው። ከንፈሬም ላላ፤
አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ግን አንድ ጆሮ አለ፣
ገመድ ሲላላ የሚያውቅ።
ከንፈሬን ሰበሰብኩ። ሰጠኋት፤
እስከ መጨረሻው ትንፋሽ ያልተንቀጠቀጠች፣ ቀጥ ያለች ላ።

አባቴ ከሩቅ መዳፉን ዘረጋ፣
ሊፍት ከወለሉ እኩል ሲቆም እንደሚያደርገው።

እኔ አርባ አንድ ሜዠር ዝምታ ነበረኝ።
ሸምበቆዬን ምላሴ ላይ አስተኝቼ ቆጠርኩ፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
አራት።