ስንዝር

ጎርጎራ ነው ቤቴ፣ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ፣
ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ በስተቀኝ መንገዱ፤
ቦታው ለወንድም ለእህት ተሸንሽኖ፣
ለእኔ የደረሰኝ ቁራጭ ጨርቅ ሆኖ፣
በግድግዳዬና በአያ ባዜ አጥር መሀል
አንድ በሬ ቢያልፍ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል።

እዚያ ነበር ታንኳዬ ተደግፎ የሚያድረው፣
የጠጣውን ውኃ ጠብ ጠብ የሚያደርገው።
ደንገል ሳጭድ፣ ሳስር፣ ሲበሰብስ ስፈታ፣
ሃያ ዓመት አለፈኝ እንደ አንዲት ማታ።
ዘንድሮ ግን ደንገል ከዳርቻው ጠፋ፣
ታንኳዬም ወገቡ ላልቶ ሆዱ ተነፋ።

«የአሉሚኒየም ጀልባ፣ ዕቁቡ ሲወጣ» አልኳት፤
ዓይናዲስ መረቡን እየጠገነች ናት።
«ገንዘቡስ ይገኛል፤ ማደሪያው ወዴት ነው?
ሐይቅ ዳር ካደረማ ለሌባ ገዛነው።
ቤት ይግባ እንዳትለኝ፣ ጎታዬ አይነሣም፤
አልጋው ይውጣ እንዳልል፣ ቆመህ አትተኛም።»

እውነቷን ነው።
ከሞተው ታንኳዬ ገመዱን ፈታሁት፣
በሐምሌ ዝናብ ሥር ጓሮ ዘረጋሁት፤
ከኋላው ግድግዳ እስከ ጓሮው በር
ወጥሬ ቋጠርኩት፣ ሳልጨምር አንድ ፀጉር።
«ከዚች ቋጠሮ» አልኩ «የሚያልፍ ጀልባ ሁሉ
ሰፊ ግቢ ላለው፣ ይሁን ለባለ ዕድሉ።»

ዕቁቡ ዘግይቶ ጥቅምት ላይ ደረሰኝ፤
ገመዱን ከምስማር፣ ከፀሐይ ወሰድኩኝ።

አዘዞ፣ ይርዳው ግቢ፣ ብየዳው ሲንጣጣ፣
ሦስት ጀልባ ተደፍቶ ፀሐይ ሲጠጣ።
ትልቁን ዞርኩት። አምስት ሜትር ነው፤ ለሞተር ቦታ አለው።
በጣቴ ኳ አደረግሁት፤ ድምፁ እንደ ደወል ነው።
ስድስት መረብ ጫንኩበት፣ ሦስት ሰው አሳፈርኩ፣
እዚያው ቆሜ፣ በልቤ፣ እስከ ደቅ ቀዘፍኩ፤
ስመለስ ቆሮሶው እስከ ጉልበቴ ነው፣
ነጋዴው ከጎንደር ወርዶ ዳር የሚጠብቀው።
ከዚያ ገመዱን ጣልኩበት።
ቋጠሮው ከሆዱ አላለፈም።
ትንሽ ዝም አልኩ።
ሌላው ጀልባ ሲመርጥ ማዕበሉን ያስባል፣
የእኔ ልብ የጓሮዬን በር ይቆጥራል።

«እኔ ሜትር አለኝ» አለ ይርዳው ስቆ፣
ገመዴን በሁለት ጣት ከፊቱ አርቆ።
«ሜትርህ» አልኩት «የቤቴን ጓሮ አያውቅም፤
ይሄ እዚያው ውሏል፤ ምስክር ነው፣ አይዋሽም።»

መካከለኛውም በአንድ ክንድ ረዘመ።
ትንሿን ስለካት ቋጠሮው ጫፏን ሳመ።
አንድ ሰው፣ አንድ መረብ፣ አንድ ቅርጫት ዓሣ፤
ብቻዬን ከወገቧ ብይዛት የምትነሣ።
ብሩን ቆጠርኩለት፤ እሱም ቆጥሮ ደገመው፤
በአይሱዙ፣ ጤፍ ላይ ጭነን፣ ቤት ስንደርስ መሽቶ ነው።

የሰፈሩ ልጆች ጓሮ ድረስ ገፉልኝ።
ገባች፣ ገባች፣ ገባች፣
ቆመች።
በሩ እንዳይዘጋ አፍንጫዋ ውጪ ቀረ፤
በእጄ ሰፈርኩት፦ ስንዝር። አልጨመረ፣ አላጠረ።

አያ ባዜ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያይ ቆይቶ፣
«በሐምሌ ነው የለካህ?» አለኝ፣ ሳቁን ገትቶ።
«እርጥብ ገመድ፣ ልጄ፣ ስስታም ነው፤ ይሰበሰባል፤
ፀሐይ የሞቀው እንደሆን እጁን ይዘረጋል።»

ምስክሬን ጠቅልዬ ጣራው ላይ ወረወርኩት።
በሩን ከታች በመጋዝ፣ በአፍንጫዋ ልክ ቆረጥኩት።

ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት በር ያንኳኳ ሰው የለም፤
ያቺን ስንዝር ይመታል፣ መሽቶም ሆነ ነግቶም።
ዓይናዲስ ጣቱን ከድምፁ ትለያለች፤
«ግባ፣ አያ ባዜ፣ ዛሬ አምባዛ ነው» ትላለች።