ሮዝ ነው እንበል

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ በነጭ ጠመኔ፣
ቢዩሬት የሳልሁኝ፣ ብልቃጥ የሳልሁ እኔ፣
ጠብታ አንጠልጥዬ ከቧንቧው ጫፍ ላይ፣
ለስድሳ ሁለት ልጅ፣ ከኋላ እንዲታይ፣
«አሁን ቀለም ያዘ፤ ሮዝ ነው እንበል» ብዬ
በቃል የሰማሁትን በቃል አቀብዬ
አስተማርሁ። ልጆቹም «ሮዝ» ብለው ጻፉ።
በፈተናም መጣ፤ «ሮዝ» ብለው አለፉ።

አንድ ቢዩሬት ነበረን፣ ቁምሳጥን ውስጥ ያለ፣
አንገቱ የተሰበረ፣ ግን ንብረት የተባለ፣
በሞዴል ተመዝግቦ፣ በቁልፍ የታሰረ፤
ቁልፉን የያዘው ሰው ሞጆ ተዛወረ።

እኔስ? ኮሌጅ ሳለን፣ ስምንት ሆነን ላንዱ፣
አንድ ልጅ ቧንቧ ከፍቶ፣ ሰባት ልጆች ቀዱ።
እኔ ከሰባቱ ነኝ።

ዘንድሮ ግን ውል መጣ። ከጥቅምት እስከ ጥር
በወረዳ፣ በክፍለ ከተማ፣ ሲዞር፣ ሲዞር፣
ማኅተም ሲጎድለው፣ ቀን ሲሳሳትበት፣
በመጨረሻ ሳሙና ፋብሪካው ፈረመበት፦
ስድስት ልጆች ብቻ። ጫማቸው ድፍን፣ ፀጉራቸው ሽፍን።

ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣
ስድስት ልጅ ባንድ ሚኒባስ፣ ምሳውን ሳይበላ፣
ከቱሉ ዲምቱ ገላን ይወርዳል።
ጥበቃው ስም ይጽፋል፣ ስልክ ይቀበላል፤
የሞራ፣ የፖታሽ ሽታ ልብስ ላይ ያድራል።

አንድ አባት መጡብኝ፦ «መምህር፣ የኔን ልጅ፣
ሐኪም ትሆናለች ስል፣ ላካችኋት ሳሙና ደጅ?»
መልስ አልነበረኝም። አንገቴን ደፍቼ
«እዚህ ላይ ይፈርሙ» አልሁ፣ ብዕር አውጥቼ።

በአራተኛው ሳምንት ልገመግም ሄድሁ፣
«ሰዓት ታከብራለች? ትታዘዛለች?» የሚል ቅጽ ይዤ፣
ከአንድ እስከ አምስት።

ሌሊሴ ቦሩ፣
ከመስኮቱ ጥግ የምትቀመጠው፣
እጇን ያወጣችበት ቀን ትዝ የማይለኝ፣
የሰው ጋዎን ለብሳ፣ እጅጌው ሁለቴ ታጥፎ፣
«ቆዩ፣ ቲቸር» አለችኝ፣ ዓይኗን ከብልቃጡ ሳትነቅል።

ደጅ አይሱዙ ቆሟል፣ ሞራ በበርሜል ጭኖ።
«እስከ ስንት ሰዓት ልቁም?» ይላል ሾፌሩ፣ ተክኖ።
ወይዘሮ ትርፌ፣ የጥራት ክፍሏ ኃላፊ፣
«ለሱ ጩኸት ብለሽ ቁጥር አታጣድፊ፤
ያየሽውን እንጂ የተመኘሽውን አትጻፊ።»

አንድ ጠብታ።
አንድ።
አንድ።
ብልቃጡ ውስጥ የሆነ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ።
ደግማ አንድ። ብልጭ አለ፤ ቀረ።
የሕፃን ድድ የመሰለ ቀለም።
ሠላሳ ሰከንድ በከንፈሯ ቆጠረች።

«ሮዝ ነው እንበል?» አልኳት፣ ልቀልድ።
«አይ ቲቸር። ነው።»

አሲዱ በዝቶ ተገኘ። መኪናው ተመለሰ፣
ሾፌሩ በሩን በኃይል ዘግቶ፣ ማንንም ሳይሰናበት።
እሷ ብልቃጡን አጠበች፤ ሌላ ሞራ መዘነች፤
«አንዴ ይሞክሩት» አለች፣ ወንበሩን እየለቀቀች።

ጠመኔ የለመደ እጅ ቧንቧ ላይ ሲያርፍ
እንደ ሌባ እጅ ተንቀጠቀጠ።
ከፈትሁት። በዛ።
ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ መሰለ።
አልሳቀችም። «ሁሉም ሰው መጀመሪያ ቀን ያሳልፈዋል»
አለችኝ፣ በወይዘሮ ትርፌ ድምፅ።

ቅጹን በሚኒባስ ውስጥ ሞላሁት፣ ጉልበቴ ላይ፣
ኮረኮንቹ ቁጥሮቹን እያጣመመብኝ።
«ትታዘዛለች?» የሚለውን ዘለልሁት።

በማግስቱ፣ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣
ቢዩሬቱን ሳልሁ፣ ብልቃጡን ሳልሁ፣
ጠብታው ላይ ስደርስ ጠመኔውን አስቀመጥሁ።
«የሕፃን ድድ ይመስላል። ሠላሳ ሰከንድ ይቆያል።
ካሳለፋችሁት ቀይ ሥር ነው።
እኔ ትናንት አሳልፌዋለሁ» አልሁ።

ክፍሉ ዝም አለ።
ከዚያ አንድ እጅ ወጣ፤ የሌሊሴ አይደለም፣
ካልሄዱት ከሃምሳ ስድስቱ የአንዱ፦
«እኛስ፣ ቲቸር? እኛ መቼ ነው የምናየው?»