የአያት ስም

ፎርሙ ሦስት ባዶ ነው፤ ሁለቱን ሞላሁት፤
"ሩቅያ" ብዬ ጽፌ "እንድሪስ" አስከተልሁት።
ሦስተኛው ላይ ስደርስ እርሳሴን ነከስሁት።

"አብዱራህማን በይው" አለኝ አባቴ፣
ኪታቡን ሳይዘጋ፣ ሳያይ ወደ ፊቴ።
እኔ ግን በቀደም፣ ሳጥኑ ሳይቆለፍ፣
ካርድ አገኘሁበት ከጋቢው እጥፋት ሥር፤
ሰማያዊ ቀለም፣ የአስተማሪ ጽሑፍ፣
ብል የጀመረው ዳር፦
"እንድሪስ ወልደሐና። ሰባተኛ ክፍል።
ጠባይ፦ እጅግ መልካም። በሒሳብ ይደክማል።"

ቤታችን ሸዋ በር፣ ከመስጊዱ ኋላ፣
መስኮቱ ወደ ጓሮ፣ በሩ ወደ ቂብላ።
ከመግሪብ በኋላ ደጅ የሚባል የለም።
ዘፈን የለም። ሥዕል የለም። ጥርስ ማሳየትም።
"ሳቅ ሲበዛ" ይላል "ልብን ይገድላል"፤
ሳቄ ከሻሼ ጫፍ ተጠቅልሎ ያድራል።

ሐሙስ ዕለት ጉሙ ከጦሳ ወረደ፤
ፒያሳ የሚባል ከነሕንጻው ሄደ፤
ባጃጆች ጡሩምባ ብቻ ሆነው ቀሩ።
ማጠናከሪያ ትቼ ሽቅብ ተጓዝኩኝ፣
የራሴን ጫማ እንኳ ሳላይ ደረስኩኝ
ከደብሩ በር ላይ። ዘበኛው ነበሩ።

"የማን ልጅ ነሽ አንቺ?"
ሱቅ ስላክ፣ ቦኖ ስሄድ፣ ሺህ ጊዜ ተጠይቄ
ሺህ ጊዜ መልሻለሁ፤ ያን ቀን ግን ጨነቀኝ፤
አልመለስኩላቸው። ሳቄ አመለጠኝ፣
ሻሹንም ሳልይዘው፣ ጥርሴም እንዳለ።
ሽማግሌው ቀርበው ባትሪያቸው በራ፤
"ይኼን ፍንጭት" አሉ፣ "ይኼን ፍንጭትማ
አውቀዋለሁ ልጄ! ስንት ሠርግ አሙቋል።
ወልደሐና ሲስቅ ገደሉ ይመልሳል፤
እዚያ ነው፣ ከጥዱ ሥር።"

አልገባሁም። እግሬ ደጁን አላለፈም።
ምን እንደሚባልም፣ ምን እንደማይባልም
አላውቅም።
መዳፎቼ ብቻ፣ ማንም ሳያዛቸው፣
ከጥዱ ትይዩ ተከፈቱ። ጉም ሞላቸው።

ማታ፣ "ሞላሽው ወይ?"
"ሁለቱን።" ዝም አለ።
ሾርባውን ሲጠጣ አፉን አየሁበት፣
ከጢሙ ጥላ ሥር ያቺው ክፍተት አለች፤
አሥራ ሰባት ዓመት በፊቷ ሳልፍባት
አንድም ቀን ለእኔ ያልተከፈተች።
"አባ፣ ሳቁ ግን… ትዝ ይልሃል?" አልኩት።

"የማን?" አላለኝም።

ማንኪያውን አስቀምጦ ከንፈሩን ገጠመ፣
እንደ ሱቅ ላሜራ። ለኢሻ ቆመ።

ሌሊት የሳጥኑ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ፤
ሲዘጋ እስክሰማ ስጠብቅ ነጋልኝ።

ጠዋት እሱ የለም። ፎርሙ ከነባዶው፤
ከላዩ ላይ ደግሞ እስክሪብቶ አጋድሞ፣
ሰማያዊ ቀለም፣ ክዳኑን አውልቆ፣
ወጥቷል አስቀድሞ።