በግሱና በስሙ መካከል

ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ከታቦር ተራራ ሥር፣
መብራት መጣ ሄደ እያለ፣ የማታው ክፍል ሲጀመር፣
ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጻፍኩኝ፦
«ዘይ ሜድ ኸር ኤ…» ብዬ፣ ጫፉን ባዶ ተውኩኝ።
«ዘይ» እነሱ ማለት፣ «ሜድ» ደግሞ አደረጉ፣
«ኸር» ያቺው እሷ ናት፤
የጎደለውን ስም እናንተ ፈልጉ።

በእኛ አፍ ሲነገር፣ ግስ ሰውን ይውጣል፤
«አሉኝ» ያልን እንደሆን፣
«እኔ» የሚባለው ሰው ከቃሉ ሆድ ይቀመጣል፤
ጅራት ብቻ ሆኖ፣ «ኝ» ብሎ ብቅ ይላል።
የፈረንጁ አፍ ግን ያወጣዋል፣
ብቻውን ያቆመዋል፤
ከኋላው የገፋው ግስ፣ ከፊቱ የሚጠብቀው ስም፣
መታወቂያውን የረሳ መንገደኛ
ጥቁር ውሃ ኬላ ላይ እንደሚቆም።

ቡሪሶ ባለባጃጁ፣ ከእጁ በፊት ድምፁ መጣ፤
«ንግሥት!» አለ፤ ቅዳሜ ሙሽራ ሲያጅብ የነፋው ጡሩንባ
ገና ከጆሮው አልወጣ።
ላንቃሞ ቀጠለ፣ ከአሞራ ገደል የመጣው፣
ደብተሩ ላይ የዓሣ ቅርፊት የደረቀበት ነው፤
«ሾርባ!» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤
«ሾርባ አደረጓት? ወይስ ሾርባ ሠሩላት?»
ብሎ ቡሪሶ እንባውን አበሰ።

እኔም አስረዳሁ፦ በእንግሊዝኛ ሁለቱም ያው ናቸው፤
ለእሷ መሥራትም፣ እሷን መሥራትም፣ አንድ ነው መንገዳቸው።
እኛ ግን አንዲት «ላ» አለችን፣
ሰውን ከድስት ውስጥ የምታወጣልን።

ያን ጊዜ ዳንጊሴ ተነሣች።
ከኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ከመስመር ዘጠኝ፣
የሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ የምትውል፣
ሦስት ወር ሙሉ ከአፏ አንድ ቃል ያልሰማሁት፣
የክር ብናኝ ከሹሩባዋ የማይረግፍላት።
ጠመኔውን ተቀበለችኝ። «ሜድ»ን በመዳፏ አጠፋች፤
«ኮልድ» ብላ ተካች።

«መምህር» አለች፣ «ባለፈው አንድ መቀስ ጠፋ።
በእኛ ቋንቋ፣ ያውቁታል፣ ስም ነው የሚቀድመው፣
ሰውየው ኋላ ነው።
‹ሌባ› የሚለው ቃል አዳራሹን አቋርጦ ሲመጣ
እኔ መርፌ እየለወጥኩ ነበር፤
ለወንድ ይሁን ለሴት ገና ሳይለይ፣ ሁሉም አንገቱን ሲያዞር፣
‹ናት› የሚለው ኋላ ደረሰ።
መቀሱ ከአለቃዬ መሳቢያ ተገኘ።
ስሙን ግን ማንም አልመለሰ።»

ጣቷን «ኸር» ላይ አሳረፈች።
«እዚህ ግን ክፍተት አለ» አለች፤
«ከ‹ኸር› በኋላ፣ ስሙ ሳይመጣ፣
አንዲት ትንፋሽ የምታህል።
እዚያች ውስጥ ‹ቆይ› ማለት ይቻላል።»

«ኤ…» ብላ ጻፈች። መብራት ጠፋ።

በጨለማ ቁጭ አልን። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ገባ።
የላንቃሞ ስልክ በራ፤
ብርሃኑ ባዶው ቦታ ላይ ወደቀ፤
የሚሞላው ጠፋ፤ ያ ሁሉ «ንግሥት»፣ ያ ሁሉ «ሾርባ»
ማን ያውቃል የት እንደገባ።
መልሱ ያለበት መጽሐፍ ከቦርሳዬ ነበር፤
ገጽ ሠላሳ አንድ፣ «ኤ ቲቸር» ይላል።
አላወጣሁትም።

ጠዋት ተመልሼ መጣሁ።
የአንደኛ ክፍል ሕፃናት ቀድመውኝ ነበር።
«ዘይ ኮልድ ኸር ኤ» ይላል ሰሌዳው፤
ቀጥሎ፣ ባዶ በተውነው፣
ማን እንደሆነ የማላውቀው አንድ ልጅ
አባ ኮዳ ስሎበታል፤
አንድ እግር፣ ረዥም መንቆር፣
ክንፉ ከሰሌዳው ጠርዝ አልፎ ግድግዳው ላይ ይቀጥላል።

መጥረጊያውን አነሣሁ።
የዕለቱን ቀን ጻፍኩ፣ ከላይ፣ ጥግ ይዤ።
ወፉን አላጠፋሁም።